ቀብር በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን፦ ቤተሰብ ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ስልኬ ይጮኻል፤ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። የሚደውለው ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ነው። ድምፁ ይቆራረጣል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ "አሁን ምን እናድርግ?" በነዚህ ዓመታት የተጠየቅኩትን፣ ከካህናትና ከሰበካ ጉባኤ ሰዎች የተማርኩትንም እዚህ ላይ አስቀምጫለሁ። የጻፍኩት ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ነው። አሠራሩ ከደብር ደብር ትንሽ ትንሽ ይለያያልና የእናንተንም ደብር ጠይቁ።

መጀመሪያ ለማን እንደውል?

ለንስሐ አባት። ሌሊትም ቢሆን ደውሉ፤ አባቶች ለዚህ አይቀየሙም። እንዲያውም ሕመምተኛው ገና በሕይወት ሳለ፣ ነገሩ ሲከብድ፣ ያኔ ብትጠሯቸው ይመረጣል። ንስሐ ገብቶ፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብሎ ያረፈ ሰው ቤተሰብ ላይ የማየው መጽናናት ሌላ ነው።

ቀጥሎ ለእድር ዳኛ ወይም ጸሐፊ ንገሩ። እድሩ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ሳህንና ብርጭቆውን ያወጣል፤ አባላቱን ያስጠራል። ለቤተሰቡ የሚሰጠውን ገንዘብም ያኔውኑ ያዘጋጃል። ሦስተኛው የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ነው።

አሟሟቱ ድንገተኛ ከሆነ፣ አደጋ ወይም ጥርጣሬ ካለበት ግን ከሁሉ በፊት ፖሊስ ነው። አስከሬኑን አታንቀሳቅሱ፣ አትጠቡ። የአስከሬን ምርመራ ካስፈለገ ቀብሩ አንድ ሁለት ቀን ሊዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ ምርመራው ሳያልቅ የቀብር ሰዓት ለሰው አትናገሩ።

ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ምን እንጠየቃለን?

የሟቹን የክርስትና ስም። ወረቀቱ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ካህኑ በፍትሐቱ የሚጠራው፣ በቅዳሴም የሚያነሣው መታወቂያ ላይ ያለውን ስም አይደለም። በጥምቀት የተሰጠውን ነው።

እውነቱን ለመናገር ቤተሰብን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ይህ ጥያቄ ነው። አንድ ጠዋት አራት ወንድማማቾችና እህትማማቾች ይዤ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ቆምኩ። አባታቸው ሌሊት ነበር ያረፉት። ቄሰ ገበዙ ብዕራቸውን ይዘው "ክርስትና ስማቸው ማነው?" አሉ። አራቱም እርስ በርስ ተያዩ። ዕድሜ ልካቸውን "አባዬ" ብለው የጠሩት ሰው ነው። ትልቁ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ደብረ ብርሃን ላሉት አክስቱ ደወለ። አክስትየው ጆሯቸው ደክሟል፤ ሦስት ጊዜ ጮኾ ደገመላቸው። ሲገባቸው መጀመሪያ አለቀሱ። ከዚያ ስሙን ተናገሩ፣ "እኔ አይደለሁ እንዴ አዝዬ የወሰድኩት" አሉ። ቄሰ ገበዙ ስሙን ጻፉ። ትልቁም ልጅ እዚያው ቆሞ በስልኩ ላይ መዘገበው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ እናታችሁን ጠይቁ። የራሷን፣ የአባታችሁን፣ የእናንተንም። ጻፉትና ሁሉም ልጅ የሚያውቀው ቦታ አስቀምጡት።

ከስሙ ሌላ የሰበካ ጉባኤ ደብተር ወይም መታወቂያ፣ የንስሐ አባት ስም፣ ሆስፒታል ካረፈ ደግሞ የሆስፒታሉ የሞት ማስረጃ ይፈለጋል። የሟቹንና የአመልካቹን መታወቂያ ኮፒም ያዙ።

ሟቹ የሰበካ ጉባኤ አባል ካልነበረስ?

በር አይዘጋበትም፤ ነገሩ ግን ይከብዳል። አባል የሆነና ወርሃዊ አስተዋጽኦውን የከፈለ ምእመን በአጥቢያው የመቃብር ቦታና አገልግሎት ያገኛል። ያልነበረ ሰው ቤተሰብ ደግሞ ውዝፍ እንዲከፍል ወይም የተለየ ክፍያ እንዲፈጽም ሊጠየቅ ይችላል። የንስሐ አባት ያለው ሰው እሳቸው ይመሰክሩለታል። ንስሐ አባትም ደብተርም የሌለው ሲሆን ነው ቤተሰብ ከደብር ደብር የሚንከራተተው። አስከሬን ቤት አስቀምጦ "የማን አጥቢያ ነው?" ተብሎ መጠየቅ ከባድ ነው። አይቼዋለሁ።

ለምትከፍሉት ሁሉ ሕጋዊ ደረሰኝ ጠይቁ። ነውር የለውም። የሐዘን ሰዓት ነው ብላችሁ በእጅ አትስጡ። ልጅ ገንዘብ ይዞ ከሚሮጥ ደግሞ አንድ ረጋ ያለ ዘመድ ወይም የእድር ሰው ይህን ሥራ ቢይዘው ይሻላል።

የመቃብር ቦታ ማን ይመርጣል? ፉካ ማለት ምንድነው?

በአዲስ አበባ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግቢያቸው ሞልቷል። ስለዚህ ምርጫው እንደ ድሮው ሰፊ አይደለም። የቤተሰብ መቃብር ካለ፣ ከቀድሞው ቀብር ወዲህ የሚጠበቀው ጊዜ ከደረሰ እዚያው ላይ መቅበር ይቻላል፤ ጊዜውን ደብሩ ይወስናል። ከሌለ ጽሕፈት ቤቱ ያለውን ቦታ ያሳያል። ፉካ የሚባለው በግንብ ተሠርቶ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ፣ አስከሬን ገብቶበት ፊቱ የሚታሸገው ነው። አንዳንድ ሽማግሌዎች "አፈር ያልነካው" ብለው ይከፋቸዋል። ፍትሐቱ ግን ያው ፍትሐት ነው።

ቦታው ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ሐውልት ማቆም ይፈቀድ እንደሆነ፣ መጠኑም ስንት መሆን እንዳለበት በዚያው ቀን ጠይቁ። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው ከዓመት በኋላ እብነ በረድ ተጭኖ ሲመጣ ነው።

አገር ቤት መቀበር የተናዘዘም ይኖራል። ኑዛዜውን አክብሩ። ግን አስቀድማችሁ ለዚያው ደብር ደውሉ፤ መቃብሩ ተቆፍሮ፣ ካህናቱ ተነግሯቸው ይጠብቁ።

ግነዛቱ የት ይደረጋል? ልብስስ?

ቤት ወይም ሆስፒታል። ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ያጥባል። ከዚያ በነጭ መግነዝ ይገነዛል፤ አብዛኛው ሰው አቡጀዲ ይገዛል። ሱፍ ከነከረባቱ የሚያለብሱ ቤተሰቦች አሉ። የቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓት ግን ዮሴፍና ኒቆዲሞስ ጌታን እንደገነዙት ነው። እነርሱ ሲገንዙት "ቅዱስ እግዚአብሔር፣ ቅዱስ ኃያል፣ ቅዱስ ሕያው" እንዳሉ አባቶች ያስተምራሉ። ለእኔ ከማንኛውም ውድ ልብስ ያ ነጭ ጨርቅ ይበልጥብኛል።

ሌሊቱን አስከሬኑ አጠገብ ዳዊት ይደገማል። ደጋሚ ካህን ወይም ዲያቆን ካላገኛችሁ ዳዊት ማንበብ የሚችል የቤተሰብ ሰው ይድገም።

ሳጥን አስገዳጅ አይደለም። ገጠር ዛሬም በሰሌን ተጠቅልሎ የሚቀበር አለ። ሳጥን ሻጭ ፊት ቆማችሁ "ለእናታችሁ ይሄ ይመጥናል?" ስትባሉ አትደንግጡ። ለነፍሷ የሚጠቅማት ሌላ ነገር ነው።

ፍትሐት ምንድነው?

ቃሉ "ፈትሐ" ከሚለው ግእዝ ነው፤ ፈታ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሟቹን ከኃጢአት እስራት እንዲፈታው እግዚአብሔርን የምትለምንበት ጸሎት ነው። የሚደርሰው መጽሐፈ ግንዘት ነው። ለካህን፣ ለመነኩሴ፣ ለወንድ፣ ለሴት፣ ለሕፃን የተለያየ ክፍል አለው። ስለዚህ ሟቹ በሕይወት ሳለ ዲያቆን ከነበረ ወይም ምንኩስና ከተቀበለ ለካህናቱ ንገሩ። ቤተሰብ ይህን የሚረሳበት ጊዜ አለ።

ድሮ አስከሬን ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ሰባት ጊዜ እያረፈ ይጸለይ ነበር፤ ሰባት ምዕራፍ ይባላል። ዛሬ ከተማ ውስጥ በመኪና ስለሚኬድ በየመንገዱ መቆም ቀርቷል ማለት ይቻላል። ቤት ላይ ግን ካህናቱ ሳይጸልዩ አስከሬን አታስወጡ። "ሰዓት ረፈደ" እያለ የሚያዋክብ አይጠፋም፤ እንዳትሰሙት።

ቀብሩ በስንት ሰዓት ይሁን?

ሰዓቱን ቤተ ክርስቲያን ሳታጸድቀው አትናገሩ። እኛ ጋ አብዛኛው ቀብር 6 ሰዓት ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው። በፆም ወቅት ግን ይለያል። በዐቢይ ጾም የሥራ ቀን ቅዳሴ ከእኩለ ቀን ወዲያ ገብቶ ወደ 9 ሰዓት ግድም ስለሚያልቅ ካህናቱ በዚያ መሃል ሊወጡላችሁ አይችሉም።

ሰሙነ ሕማማት ደግሞ ከሁሉ የተለየ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ፍትሐት አይደረግም። በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ አስቀድሞ በሆሳዕና እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለቆመው ሕዝብ ሁሉ ፍትሐት ይደረጋል። ይህን የማያውቅ ሰው "እናቴ ያለ ፍትሐት ተቀበረች" ብሎ ዓመት ሙሉ ሲቃጠል ይኖራል። አልቀረባትም። ሆሳዕና ዕለት ተደርጎላታል።

መርዶ እንዴት እንናገር?

በአካል፣ በሽማግሌ፣ ማለዳ። ይህ የአባቶቻችን ብልሃት ነው፤ ሰውየው ብቻውን ሳይሆን፣ ቀኑ ገና ሳለ፣ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ሆኖ ይሰማል።

አሁን ያስቸገረን ፌስቡክ ነው። ልጅቷ ዱባይ ሥራ ላይ ናት፤ የአባቷን ፎቶ ከሻማ ጋር የጎረቤት ልጅ ለጥፎት ታያለች። እባካችሁ ልጆቹና እህት ወንድሞቹ ሁሉ ሳይሰሙ ምንም አትለጥፉ። ውጭ ሀገር ላለ ሰው ደግሞ በቀጥታ አትደውሉለት። እዚያው ከተማ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ፈልጉ፤ ሁለት ሦስት ሆነው ቤቱ ይሂዱ።

የሕይወት ታሪክ ማን ያንብብ? ምን ይጻፍ?

አንድ ገጽ፣ ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ። የት ተወለደ፣ ከማን፣ ምን ሠራ፣ ማንን አገባ፣ ስንት ወለደ። በቤተ ክርስቲያን ያገለገለበት ካለ ይጠቀስ። የሕመሙን ዝርዝር ተዉት።

ከመነበቡ በፊት ለሦስት የቤተሰብ ሰው አሳዩት። አንድ ቀብር ላይ የልጆቹ ስም ሲዘረዘር አንዷ ተዘለለች። ከሌላ እናት የተወለደች ናት። ጥቁር ነጠላዋን ይዛ ሳጥኑ አጠገብ ቆማ ነበር፤ አንባቢው ገጹን ሲገለብጥ አየሁት ፊቷን። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሌሊት ነው የተጻፈው። እስከ ዛሬ ግን ከወንድሞቿ ጋር አልታረቀችም።

አንባቢው ደግሞ ድምፁ የማይታፈን ይሁን። ልጅ ባያነብ ይሻላል።

ደረት መምታት፣ ፊት መንጨት ይፈቀዳል?

ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድም። ማልቀስን ግን አትከለክልም፤ ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ነጠላን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ መልበስ፣ ጥቁር መልበስ የባህል ነው፣ ማንም አይነካችሁም። ፍትሐቱ እየተደረሰ ግን ዝም በሉ። ያ ጸሎት ለእሱ ነው።

ድንኳን ስንት ቀን ይቁም? ምግቡስ?

በአብዛኛው እስከ ሠልስት፣ ማለትም እስከ ሦስተኛው ቀን። ከቀብር የተመለሰ ሰው በር ላይ እጁን ታጥቦ ይገባል፤ ንፍሮና ውሃ ይቀርባል። ጎረቤት እንጀራና ወጥ ይዞ ይመጣል፤ ሐዘንተኛው ቤት እሳት ባይነድ ነው ጥሩው። ረቡዕና ዓርብ፣ በአጽዋማትም፣ የጾም ምግብ ይሁን።

ከአቅም በላይ ተበድሮ የሚደግስ ቤተሰብ አለ። እድሩ ያለው እንዳትበደሩ ነው። በቂ ነው።

ፍትሐት የማይደረግለት ሰው አለ?

ላልተጠመቀ ሰው አይደረግም። ራሱን ላጠፋም ሥርዓቱ ይከለክላል። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፣ ምክንያቱም በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሐዘን የደረሰበት ቤት አለ። የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ነገሩን አትደብቁ። ሟቹ የአእምሮ ሕመም ነበረበት? ሕክምና ላይ ነበር? ለአስተዳዳሪውና ለንስሐ አባቱ በግልጽ፣ ለብቻቸው፣ ማስረጃ ካለ ከነማስረጃው ንገሯቸው። ውሳኔው የእነርሱ ነው። ለቅሶ ደራሽ ደግሞ ስለ አሟሟቱ አይጠይቅ። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብሎ ይቀመጥ።

ሟቹ ኦርቶዶክስ ካልሆነ የየቤተ እምነቱ መካነ መቃብር አለና እዚያ ጠይቁ። እድር ግን ሃይማኖት አይለይም። በእኛ እድር ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም አባል ነው፤ ሁሉም ሁሉን ይቀብራል።

አስከሬን ማቃጠልስ?

አይፈቀድም። ውጭ ሀገር ዋጋው ስለሚቀንስ የሚያስቡ አሉ፤ ከማሰባችሁ በፊት ካህን አናግሩ።

ተዝካር በስንተኛው ቀን ነው?

በ3፣ በ7፣ በ12፣ በ30፣ በ40፣ በ60፣ በ80ኛው ቀን፣ ከዚያ በመንፈቅና በሙት ዓመት። ሦስተኛው የጌታን ትንሣኤ ያስባል። ሰባተኛው ዮሴፍ ለአባቱ ለያዕቆብ ሰባት ቀን ማልቀሱን፣ ሠላሳኛው ሕዝበ እስራኤል ለሙሴ ሠላሳ ቀን ማልቀሳቸውን ይከተላል። በሁሉም ቀን መደገስ የለባችሁም። በእነዚህ ቀናት ዋናው ጸሎቱና ቅዳሴው ነው፤ የክርስትና ስሙን ጽፋችሁ ስጡ። ብዙ ሰው የሚያወጣው አርባውን ነው።

ለነዳያን የሚሆን እንጀራና ወጥ ይዛችሁ ደጀ ሰላም ብትሄዱ ተዝካር ነው። አዳራሽ ተከራይቶ ካርድ በትኖ፣ ከዚያ ዓመት ሙሉ ዕዳ መክፈል የሟቹን ነፍስ ምን ይጠቅማታል? ቀኑን ደግሞ ራሳችሁ አትቁጠሩ፤ ንስሐ አባታችሁን አስቆጥሩ። አንድ ቀን እየተሳሳተ ስንት ሰው ተጨቃጭቋል።

የሞት ምዝገባ ይቅርብን?

አይቅርባችሁ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ሟቹ ይኖርበት የነበረው ወረዳ ወሳኝ ኩነት ክፍል ይሄዳል። የሆስፒታል ማስረጃና የሟቹን መታወቂያ ያዙ። ያለዚያ ወረቀት ባንክ፣ ጡረታ፣ ውርስ አይንቀሳቀስም። ከሠልስት በኋላ አንድ ሰው ለዚህ ብቻ መድቡ።

አስከሬን ከውጭ ሀገር ለማስመጣት ምን ያስፈልጋል?

አሜሪካ ከሆነ ፊውነራል ሆም አብዛኛውን ይሠራዋል፦ የሞት ሰርተፍኬት፣ አስከሬኑ በመድኃኒት እንደታከመ የሚገልጽ ማስረጃ፣ ተላላፊ በሽታ የለም የሚል ደብዳቤ፣ ፓስፖርት፣ የኤምባሲ ማረጋገጫ። ከዓረብ አገር ሲሆን አሠሪው፣ ፖሊሱና ኤምባሲው ሁሉ መፈረም ስላለባቸው ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሳይነሣ እዚህ መቃብር አታስቆፍሩ። ቦሌ ሲደርስ የሚወጣው በመንገደኛ በር ሳይሆን በካርጎ በኩል ነው። እናትን እዚያ አትውሰዷት፤ ቤት ትጠብቅ።

ለእናቴ ቀብር መድረስ ካልቻልኩስ?

ይህን የሚጠይቁኝ ከውጭ የሚደውሉ ልጆች ናቸው። ወረቀት የላቸውም፣ ወይም አሠሪያቸው አልለቀቃቸውም። ቀብሩን በስልክ እያዩ ያለቅሳሉ።

አርባዋ ገና ነው። በምትኖሩበት ከተማ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሂዱና ካህኑን አናግሩ። በአርባዋ ቀን እዚያም ጸሎተ ፍትሐት ይደረግላታል፤ በቅዳሴም ትታሰባለች። አስከሬኑ እዚያ መኖር የለበትም። አንድ ወረቀት ላይ የክርስትና ስሟን ጻፉና ስጡ። ስሟን ካላወቃችሁት ለእኔ ደውሉልኝ፤ የቀብሯ ቀን ጠዋት መዝግቤዋለሁ።